ሽንጥ ፍለጋ

ጋሽ አሥራት ውሳኔውን የነገረኝ በስልክ ነው። አፌን ስለሚያውቀው ፊት ለፊት ሊነግረኝ አልደፈረም። «ጠጅቱ፣ እስከ ገና ጊዜ ሰጥቼሻለሁ» አለኝ። «እስክስታሽን እየመታሽ እስከ መሬት ወርደሽ፣ እጅሽን ሳታስደግፊ ከተነሣሽ መሪነትሽ ይቀጥላል። ካልሆነ ቦታውን ለሐኒ ሰጥቼዋለሁ።» አንድ ቃል እንኳን ሳልመልስለት «በርቺ» ብሎ ዘጋው። ከሁሉም ያበሳጨኝ «በርቺ» ማለቱ ነው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ የቡራዩ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ውዝዋዜ ነው። የጋሽ አሥራት የባህል ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባህል ምግብ ቤት ይጫወታል፤ ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ ሐኒ ከኋላዬ። የምታወቀውም በአንድ ነገር ነው። ትከሻዬን እያንቀጠቀጥኩ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ፤ መቀመጫዬ ተረከዜን ሊነካ ምንም ሳይቀረው እዚያው እቆያለሁ፤ ከዚያ ምንም ሳልደገፍ እንደ አወራረዴ ቀስ ብዬ እነሣለሁ። ያን ጊዜ በላተኛው ሁሉ ጉርሻውን አየር ላይ እንደያዘ ይቀራል። የአዲስ አበባን ሰው ጉርሻ አየር ላይ ማስቀረት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ከኅዳር ወዲህ ግን መውረዱን እወርዳለሁ፣ መነሣቱ እምቢ አለኝ። ከዳሌዬ ውስጥ፣ ከብሽሽቴ በላይ፣ የሆነ ነገር ጨምድዶ ይይዘኛል። ታዲያ ምን ላድርግ? ቀሚሴን ዘርግቼ ከሥር በጣቴ ጫፍ መሬቱን ገፋ ማድረግ ጀመርኩ። በላተኛው አላየም፤ ጋሽ አሥራት አየ። «እጅሽ እታች ምን ይሠራል?» አለኝ። «ቀሚሴን እየሰበሰብኩ ነው» አልኩት። «መሬት እየገፋ ቀሚስ የሚሰበስብ እጅ ዛሬ ገና አየሁ» አለኝ።

መፍትሔ ያልፈለግኩ እንዳይመስላችሁ። ሰበታ ያሉ አንዲት ወጌሻ ዳሌዬን በቅቤ አሽተው አሽተው ሲያበቁ «ወለምታ አይደለም፣ ንፋስ ነው» ብለው ሸኙኝ። ሱሉልታ ጠበል ተጠመቅኩ፤ ብርዱ አንቀጥቅጦኝ ለአንድ ቀን ትከሻዬ ያለ ከበሮ ሠራ እንጂ ዳሌዬ ንቅንቅ አላለም። እናቴ «ቁጭ ብለሽ ስላደግሽ ነው» አለች። ሁሉም የየራሱ መልስ ነበረው፤ እኔ ግን ሳልደገፍ መነሣት አልቻልኩም።

በዚያ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ያ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያመጣት ነው ተብሎ አገሩ ከተነሣ ወዲህ እኛ ወደ አዲስ አበባ መሄድ አቃተን። አንድ ቀን በአምቦ መንገድ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፣ በማግስቱ የፖሊስ ፒክአፕ ይደረደራል፣ ሚኒባሱ ሁለቱንም ፈርቶ ግቢው ውስጥ ይውላል። ምግብ ቤቱም የቡራዩን ልጆች እስኪረጋጋ ቤታችሁ ቆዩ አለን። ጋሽ አሥራትም የሚኖረው እኛው ሰፈር ስለሆነ አብሮን ቤቱ ቀረ።

ሄመን የመጣችው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። የጎረቤታችን የኦቦ ቦጂያ ልጅ ናት፤ ውጭ አገር ሄዳ ዳንስ ተምራ መመለሷ ነው። ሌላው ሰው ከውጭ ሲመለስ ሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ እሷ ምንጣፍ ይዛ መጣች። ከመንገዱ ዳር ተዘግቶ የነበረ አናጢ ቤት ተከራይታ፣ ሰጋቱራውን ጠርጋ፣ ሥራ ፈትተን የተቀመጥነውን ተወዛዋዦች ሁሉ ጠራችን። እኔን ለብቻዬ አስነሣችኝ። ዳሌዬን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጋ «አንቺማ ዋናዋ ደንበኛዬ ነሽ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት እንዲህ ነበር።

«ተኙ» አለችን። በጀርባችን ተኛን።

«ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ።» አሳረፍን።

«እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩት።» አጣመርነው።

«አሁን ምንም አታድርጉ።»

ይኼንንማ እናቴ ቤትም አደርገዋለሁ፤ እናቴ ግን ሌላ ስም አላት ለሱ። አንገቴን ቀና አድርጌ «ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ታስተውያለሽ» አለች። በመካከላችን በእግሯ ጣት እየተራመደች በለሆሳስ ታስረዳን ጀመር። «ከወገባችሁ አከርካሪ የሚነሣ፣ ከሆድ ዕቃችሁ ጀርባ አልፎ፣ በዳሌያችሁ ውስጥ ወርዶ፣ ከጭናችሁ አጥንት ጋር በውስጥ በኩል የሚታሰር ጡንቻ አለ። በዚህም በዚያም፣ ሁለት ነው። ወገብንና እግርን የሚያያይዘው እሱ ነው። ከውጭ አይታይም። ሰው ሲደነግጥ እጥፍጥፍ የሚለው እሱ ስለሚኮማተር ነው። አንዳንዴ ድንጋጤው ካለፈ በኋላም ሳይለቅ ይቀራል። እሱ ካልለቀቀ ጭንም፣ መቀመጫም ሥራቸውን አይሠሩም። በኃይል አታገኙትም፤ በትዕግሥት ፈልጉት።»

በዚያ ሰሞን በየሰፈሩ የተደበቀ ሰው ይፈለጋል፤ እኛ በራችንን ዘግተን የተደበቀ ጡንቻ እንፈልጋለን። ሐኒ ገና ጀርባዋ መሬት ሳይነካ «አገኘሁት!» አለች። ሐኒ የማታገኘው ነገር የለም፤ ታክሲ በሌለበት ቀን ታክሲ፣ ስኳር በጠፋበት ሰሞን ስኳር ታገኛለች። ከሷ ቀጥሎ አንዱ «እኔም» አለ፣ ሌላው «ውይ፣ ይኸው!» አለ። እኔ ያገኘሁት የበላሁትን ሽሮ ብቻ ነው።

በማግስቱም ተኛን። ከዚያም በኋላ ተኛን። ሁሉም አግኝቷል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። ብዙዎቹ እንደሚዋሹ አውቃለሁ፤ ግን ለማይታይ ነገር ማን ምስክር ይሆናል? ገናው ደግሞ እየቀረበ ነው። ሐኒ ከምንጣፏ ላይ ሆና ባዘነ ድምፅ «አይዞሽ ጠጄ፣ ይመጣል» ስትለኝ፣ ለቦታዬ ጥርሱን ስሎ የተቀመጠ ሰው አይዞሽ ሲለኝ፣ የሚመጣው ጡንቻው ሳይሆን ደሜ ነበር።

አንድ ቀን እንዲሁ ተኝተን ሳለ መስኮቱ ላይ ጥላ ወደቀ። ገርባ ነው። ገርባ የቀበሌያችንን ጸጥታ የሚከታተል፣ ደረቱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ የሚዞር ሰው ነው፤ የሄመን ታላቅ ወንድም የክፍል ጓደኛ ነበር። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አየን። እኛም እንደተኛን አየነው። ብዙ ወጣት፣ በተዘጋ ቤት፣ በረድፍ ተጋድሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ዝም። ያኔ ደግሞ እጅ አጣምሮ ማሳየት የተቃውሞ ምልክት ሆኖ ነበር። ገርባ በሩን በርግዶ ገባ።

«ይኼ ስብሰባ ነው!» አለ።

«ተኝተን?» አልኩት።

«ተኝቶ መሰብሰብ ተፈቅዷል ያለሽ ማነው? በምን ጉዳይ ነው የተነጋገራችሁት?»

«አልተነጋገርንም» አለች ሄመን። «ዝም ብለን ነው የቆየነው።»

«ይኸው! የሚደብቀው የሌለው ሰው ያወራል። እጅ ማጣመሩስ? አጣምሩ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ጡንቻቸው እንዲለቅ ነው።»

«የቱ ጡንቻ?»

ሄመን እንደኛው በለሆሳስ አስረዳችው፤ ከአከርካሪ ተነሥቶ፣ በዳሌ አልፎ፣ እስከ ጭን። እያዳመጠ ሳያውቀው እጁን ወገቡ ላይ አሳረፈ። እኔ ስስቅበት ጊዜ ቶሎ አነሣው። «የማይታይ ነገር የሚፈልግ ስብሰባ» አለ፤ «ይኼማ ከሚታየው ይብሳል።» አስወጣንና በሩን አሸገ። ማሸጊያ ቁልፍ ግን አልነበረውም። ቤቱ ሄዶ የበጎቹን በረት ቁልፍ ነቅሎ አመጣና ሰቀለው። ያን ሳምንት የገርባ በጎች የሰፈሩን ጎመን ጨረሱት፤ ማንም ግን ደፍሮ አልከሰሰውም።

እኔ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ጨዋታ አልመጣልኝ አለ። ሐኒ እንኳን መፍትሔ አላገኘችም። ሄመን ግን የታሸገውን በር ሳይሆን ሰማዩን ታያለች።

«አባዬ የገና ቅርጫ በሬ ገዝተዋል» አለች።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አልኳት በንዴት።

«ቅርጫ ስብሰባ አይደለም። ገርባም ገብቶበታል፤ የገዛ ድርሻውን አያሽግም።» ወደኔ ዞረች። «ጠጅቱ፣ ያ ጡንቻ በሬም ላይ አለ። ሽንጥ ከምንለው ውስጥ፣ ከአከርካሪው በታች ያለው ለስላሳው። ሥጋ ቤቶች ፊሌቶ ይሉታል።»

«ለክትፎ የሚሆነው?»

«እሱው።»

እስቲ አስቡት። ስንት ቀን ጀርባዬ እስኪደነዝዝ ተኝቼ ያጣሁት ጡንቻ፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር በሚጥሚጣ ስበላው የኖርኩት ነው! ሐኒ ጆሮዋን ይዛ «ኧረ ጾም ነው፣ ስለ ክትፎ አታውሩ!» ብላ ጮኸች።

በገና ማለዳ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ፣ ኦቦ ቦጂያ ግቢ ተገኘን። በሬው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ ከሥሩ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ባለ ቅርጫዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቢላቸውን እያፋጩ በዙሪያው ቆመዋል። ሥጋው የሚደረደርበት የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፏል። ያን ሁሉ ጊዜ ጾመው የከረሙ ሰዎች ናቸው፤ ዓይናቸው ከበሬው አይነቀልም። የሆድ ዕቃው ሲወጣ ጠብቀን ሴቶች በረድፍ ገባን።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቦጂያ! አያና ጋሪ!» ብለን የበዓል ሰላምታ ሰጠናቸው።

«ናጋ፣ ናጋ» አሉና ቆም ብለው አዩን። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ወደ ልጃቸው፤ «ሴት በቅርጫ መሀል ምን ትሠራለች?»

«ትምህርት ነው አባዬ። ሽንጡን ሳትቆርጡት ትንሽ እንየው።»

«ላንቺ ትምህርት ስንት በሬ ሸጫለሁ። አሁን ደግሞ በሬው ራሱ ሊያስተምርልሽ ነው?»

ባለ ቅርጫዎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ስጋትም ነበረበት። ቅርጫ ማለት ለሁሉም ከሁሉም እኩል የሚደርስበት ነገር ነው። ከጉበቱም ከጨጓራውም ከጮማውም ለየመደቡ እኩል ይቀመጣል፤ ዕጣ ይወጣል፤ ማንም በማንም ድርሻ ላይ እጁን አያሳርፍም። ሽንጥ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ነው። አንዱ «ያዩት እንደሆነ ይቀንሳል እንዴ? ይዩት» አለ። ሌላው «ማየታቸውንስ ይዩ፣ እጃቸውን እዩልኝ» አለ። ኦቦ ቦጂያ የልጃቸውን ፊት አይተው ተሸነፉና ቢላቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሄመን ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። «ጠጅቱ፣ እጅሽን አምጪ» አለች። ማየት ብቻ ተብሎ ተፈቅዶ ነበር፤ ሄመን ግን እንዲህ ዓይነቱን ፈቃድ የምትሰማው በአንድ ጆሮዋ ነው። ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ወደ በሬው ሆድ ውስጥ አስገባቻቸው። ሙቅ ነው። ከመጨረሻው ጎድን ሥር ጀምሮ አከርካሪውን ተደግፎ ይወርዳል፤ እንደ ክንዴ የወፈረ፣ ለስላሳ፣ ረጅም። ዳሌው ውስጥ ሲደርስ ይቀጥንና ጅማት ሆኖ ከጭን አጥንቱ ጋር ይታሰራል። ከላይ እስከ ታች በመዳፌ ተከተልኩት።

«ሐኒ፣ እግሩን ያዢና ወደ ኋላ ሳቢው» አለች ሄመን። ሐኒ በገና ልብሷ የበሬ እግር አቅፋ ሳበች። ጡንቻው ከመዳፌ ሥር እንደ ድንኳን ገመድ ተወጠረ። «አሁን ወደ ሆዱ እጠፊው።» ሐኒ አጠፈችው። ጡንቻው እንደ ሊጥ ለሰለሰ። «ድገሚው።» ተወጠረ። ለሰለሰ።

«አሁን ያንቺን» አለችኝ ሄመን በጆሮዬ። «ያንቺ እንዲህ የተወጠረው መቼ ነው?»

መቼ እንደሆነማ አውቃለሁ። ኅዳር ላይ፣ መንገዱ ላይ ተኩስ ሲሰማ፣ ከመንገዱ ሥር ካለው የውኃ ቱቦ ውስጥ ገብቼ ቁጢጥ ብዬ ውያለሁ። አንዲት ፍየልም አብራኝ ገብታ ነበር። ይኼንን ታሪክ በየቤቱ እያዞርኩ ሰው አስቄበታለሁ፤ ፍየሏ ስታየኝ እንዴት እንደነበረ በትከሻዬ ጭምር እያሳየሁ። ያልተናገርኩት ሌላውን ነው። ፈርቼ ነበር። እዚያው እሞታለሁ ብዬ ነበር። ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ መነሣት አቅቶኝ አንድ የማላውቀው ሰው በብብቴ ይዞ ጎትቶ ነው ያወጣኝ።

እንባዬ መጣ። እጄ በሬው ውስጥ ስለሆነ መጥረግ አልቻልኩም፤ ዝም ብዬ አለቀስኩ። ኦቦ ቦጂያ ጎንበስ ብለው «ለበሬው ነው?» አሉኝ በሐዘኔታ። ከልቅሶዬ መሀል ሳቅ አመለጠኝ። ያን ጊዜ ነው፣ ሳለቅስም ስስቅም፣ ከወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ልቅቅ ያለው። ከጎድኔ ሥር እስከ ጭኔ ድረስ መንገዱን አወቅኩት። እግሬ እስከ ተረከዜ ድረስ ከበደኝ፤ ደስ የሚል ክብደት ነው።

«አገኘሁት» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኒ አልቀደመችኝም።

ገና እጄን ሳላወጣ ከኋላዬ «ምንድን ነው የምታዩት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ አሥራት ነው። እሱም ቅርጫው ውስጥ አለ፤ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሳፋ ይዞ ድርሻውን ሊወስድ መጥቷል። ከጎኑ ገርባ በደረቱ እስክሪብቶዎቹ፣ በእጁ ፌስታል ይዞ ቆሟል። ብድግ አልኩ። ሁለቱ እጆቼ እስከ አንጓዬ ድረስ ደምና ጮማ ናቸው።

«ጋሼ፣ ገና ደርሷል» አልኩት።

«እንኳን አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ፈትነኝ።»

«እዚህ? በዚህ እጅ?»

«እስከ ገና ነው ያልከኝ። ገናው ዛሬ ነው፤ እጁም እጄ ነው።»

ገርባ «ጭፈራ ስብሰባ ነው፣ አይቻልም» ብሎ ጣልቃ ገባ። ኦቦ ቦጂያ በቢላቸው ጀርባ መዳፋቸውን መታ መታ እያደረጉ «እንግዲያስ ቅርጫውንም እንበትነዋ፣ ገርባ? ድርሻህን ትተህ ትሄዳለህ?» አሉት። ገርባ ሥጋውን አየ። «ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ፈቅጃለሁ» አለ።

ሄመን ባዶ ጀሪካን ገልብጣ መታች። ባለ ቅርጫዎቹ ቢላቸውን ብብታቸው ሥር ሻጥ አድርገው ያጨበጭቡ ጀመር። ቶሎ እንዲያልቅ ይመስለኛል፤ ርቧቸዋል። ግቢው አቧራና የጤፍ ጭድ ነው። ክንዶቼን ወደ ጎን ዘርግቼ ትከሻዬን ለቀቅኩት፤ ቀስ ብዬ መውረድ ጀመርኩ። እንደ በፊቱ ወገቤን ጨብጬ አልነበረም። ጡንቻው ሲላላ እየተከተልኩት፣ ወደ ውስጥ እየሰማሁት ወረድኩ። ጉልበቴ ታጠፈ፣ ዳሌዬ ወረደ፣ መቀመጫዬ ተረከዜ አጠገብ ደረሰ። እዚያ ቆየሁ።

እዚያ ታች ሆኜ አንድ ነገር ገባኝ፤ መነሣት መቻሌን አላውቅም። ብሞክርና ቢያቅተኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሐኒ ፊት፣ አለቀልኝ።  ሰው ሲፈራ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ዝም ይላል ወይ ይደፍራል። እኔ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም።

ትከሻዬን ሳላቋርጥ «ጋሼ» አልኩ ከታች። «ቦታው የማን ነው?»

«መጀመሪያ ተነሺ።»

«መጀመሪያ ተናገር። በሽማግሌዎች ፊት።»

«ተነሺና እናገራለሁ።»

«ተናገርና እነሣለሁ።»

በእኛ ሰፈር ወርዶ የሚጨፍር ሰው ሳይነሣ ጭብጨባ ማቋረጥ ነውር ነው። ስለዚህ ያጨበጭባሉ። ዕጣው አልወጣም፣ ሥጋው አልተቆረጠም፣ ጭላት ከላይ ይዞራል፣ ጨፋሪዋ እታች ተመችቷት ትደራደራለች። አንዱ ሽማግሌ እያጨበጨበ «ሜ፣ ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ! አርባ ቀን ጾመናል!» አለ። ሌላው ለኔ «ካኢ! ካኢ፣ ኢንተላ!» ይለኛል፤ ተነሺ በቃ። ሄመን ጀሪካኑን እየመታች ወደኔ ጎንበስ አለችና «እግረ መንገድሽን የቤቱን ቁልፍ» አለች።

«የቤቱም ቁልፍ ይምጣ!» አልኩ።

ገርባ ከኪሱ አውጥቶ ለሄመን ወረወረላት። «ውሰጂው፣ ለነገሩ ለበረቱ እኔም እፈልገዋለሁ፣ ማሸጊያውን ስትከፍቺ መልሽልኝ» አለና ተመልሶ ማጨብጨብ ቀጠለ።

ጋሽ አሥራት ላብ አጠመቀው። በዙሪያው ያሉትን ቢላዎች አየ፣ የባለ ቢላዎቹን ፊት አየ። «እሺ!» አለ። «እጇ መሬት ሳይነካ ከተነሣች፣ መሪዋ ጠጅቱ ናት። በቃ?»

በቃ። አሁን ሰበብ አለቀብኝ።

ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የቀድሞው ጭምደዳ ከወገቤ ሥር ብቅ ሲል ተሰማኝ፤ ቱቦው ውስጥ እንደነበረው ዓይነት። ብታገለው እንደሚያሸንፈኝ አውቄዋለሁ፤ ስንት ጊዜ አሸንፎኛል። ስለዚህ አልታገልኩትም። ትንፋሼን እስከ ዳሌዬ አወረድኩትና ጡንቻውን ከላይ እስከ ታች በሐሳቤ ዳሰስኩት። ፈርቻለሁ አልኩት በልቤ፤ እሱም እንደኔ መፍራቱን አወቅኩ። ላላ አለ። ተረከዜን መሬቱ ላይ ተጫንኩ። ጭኔ ሥራውን ጀመረ፣ መቀመጫዬ ተከተለ። ጉልበቴ በጥቂት በጥቂቱ ተዘረጋ። ትከሻዬ አንዴም አላቋረጠም። ወገቤ ቀና አለ፣ ደረቴ ቀና አለ፣ ቆምኩ።

መጀመሪያ እልል ያለችው ሐኒ ናት። ይኼን ከሷ አልጠበቅኩም፤ ወደድኳት፤ ሌላ ቀን እንደገና እጠላት ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ቢላቸውን ከብብታቸው መዝዘው ወደ በሬው ተንደረደሩ።

ጋሽ አሥራት ግን አልተንቀሳቀሰም። «ቀሚስሽ ሰፊ ነው» አለ። «እታች ያደረግሽውን ማን አየ?»

ሽማግሌዎቹ ዞሩ።  የዛሬን ብቻ ንዴቴን ዋጥኩት። ሁለቱን እጆቼን አፍንጫው ሥር ዘረጋሁለት። ሳፋውን መሬት አስቀምጦ ያዛቸው፤ የነጭ ሸሚዙ እጅጌ በደም ተነከረ፣ ልብ አላለውም። መዳፌን ገለበጠ፣ የጣቶቼን ጫፍ አንድ በአንድ አየ፣ በጥፍሮቼ ሥር አየ። ገና ያልደረቀ ደምና ጮማ ነው፤ ያን ግቢ በጣት ጫፍ እንኳን የነካ እጅ አቧራውንም ጭዱንም ለብሶ ነው የሚነሣው። በእጆቼ ላይ አንዲት ጭድ የለም። እንደገና ገልብጦ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኔን ሲያይ ፊቱ ሌላ ሆነ፤ ያ ምግብ ቤት ውስጥ ጉርሻው አየር ላይ የሚቀርበት ሰው ፊት።

«አፈር የለም» አለ በሹክሹክታ።

«ጮክ በል» አልኩት።